በእድር ሸራ ሽምግልና

ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ድንኳን መስፋት ከጀመርኩ አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ጅቡቲ ያለው የእህቴ ልጅ ደወለና፣ «ጋሼ፣ ለጀልባዬ ሸራ ሰፍተው ይዘውልኝ ይምጡ፤ በዚያው ታጁራ ላለችው ልጅ ሽማግሌ ይሆኑኛል» አለኝ። እድራችን የጣለውን፣ የእድሩ ስም በትልቁ የተጻፈበትን አሮጌ ድንኳን ቆርጬ ሰፋሁለት። ሸራ ያው ሸራ ነው፤ ባሕር ላይ ደግሞ ማን ያነባል?

ሸራውን ይዤ ጅቡቲ ወረድኩ፤ ከእህቴ ልጅና ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አራት ሆነን በጀልባው ዳር ዳሩን ወደ ታጁራ ተጓዝን። ማዕበሉን ስቆጥር ሁለት መቶ ሰባት ላይ አስመለሰኝ።

ታጁራ ስንደርስ የልጅቷ እናት ወደቡ ላይ ቆመው ይጠብቁናል። የልደታ ልጅ ናቸው፤ እናታቸው ዛሬም እዚያው ሰፈራችን ይኖራሉ። እጄን አነሳሁላቸው። እሳቸው ግን ሸራው ላይ ያለውን የእድራችንን ስም ቀና ብለው አነበቡና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር።

«እማዬን ነው የምታረዱኝ?» አሉ።

የእህቴ ልጅ ዞሮ አየኝ። «ጋሼ፣ ይናገሩ እንጂ።»

ለሽምግልና ብዬ ስንት ቀን ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። የመጀመሪያው ቃሌ ግን «ማንም አልሞተም» ሆነ።