የጮሂት ማርሚታ

ባለቤቴ ከተቀበረ ወዲህ ቤታችን ጸጥ ብሏል። ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ጎረቤቶች «ጸጥታው ያሳርፍሽ» ይሉኛል። እነሱ ምን ያውቃሉ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጸጥታን አላምነውም። ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረምሳ ማርሚታዋን ያስፈታባትን አሮጌ መኪና እያስጓራ በደጃችን ሲያልፍ፣ ተቀምጠው የነበሩት ሴቶች ጆሯቸውን ይዘው ረገሙት። እኔ ብቻ ደረቴ ቀለል አለኝ። ከጋራው ማዶ ሆና ትጮህ የነበረች ሌላ መኪና ትዝ አለችኝ።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ከደብረ ታቦር ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከመኪናው መንገድ በላይ ነበር የምንኖረው። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሠራል። አገሬው ሥራውን ይወዳል፣ እሱን ግን ይፈራዋል። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባል ስለነበር እናቶች ልጆቻቸው ከኔ ጋር ሲጫወቱ ሲያዩ ሰበብ ፈልገው ይጠሯቸዋል። አባቴ ጠላ የጠጣበት ቅል ለሌላ ሰው አይቀርብም። እኔ ወናፍ እነፋ ነበር። የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነከር የሚወጣው ሽታ ዛሬም ከየትም ብሎ ሲመጣብኝ የአባቴን የተቃጠለ መዳፍ አያለሁ።

የጦር ሰፈሩ ካፒቴን ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ አሮጌ ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ነበረችው። በአገሩ ሲወዳደርባት እንድታገሳለት ብሎ፣ የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ አስወልቆ ባዶ ቱቦ አስገጥሞላታል አሉ። አገሬው ስሟን «ጮሂት» አላት። ጮሂት ከከተማው ስትነሳ ገደሉ ሁሉ ይመልስላት ነበር። እኛ ልጆች ሣሩ ላይ ተጋድመን ጆሯችንን መሬት ላይ እንደፋለን፤ ቀድሞ የሰማ ልጅ «ጮሂት መጣች!» ብሎ ይጮሃል፣ ለዕለቱም ንጉሥ ይሆናል። በዚያ ጨዋታ የቀጥቃጭ ልጅ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔም ነግሼ አውቃለሁ።

እኛ ስንጮህ ትልልቆቹ ቀስ ብለው ይነሱ ነበር። ጠመንጃ ያለው ይቀብራል፤ እህል ያላት ትሸሽጋለች፤ ዱር ቤቴ ብሎ ከሸፈተ በኋላ ልጆቹን ሊያይ ብቅ ያለ ሰው በጓሮ በኩል ወደ ገደሉ ይወርዳል። ጮሂት ስትደርስ መንደሩ ውስጥ የሚገኙት ሽማግሌዎችና ሴቶች ብቻ ናቸው። ያም ሆኖ ጩኸቷን እንደ መቅሠፍት እንጂ እንደ ዘበኛ ያየው አልነበረም።

የመንደሩ ትልቅ ሰው ግራዝማች ተሰማ ነበሩ። ልጃቸው አየነው ለንግድ ወደ መተማ ሄዷል ይባል እንጂ ዱር ነበር። እርጉዝ ሚስቱና ልጁ ይግዛው እሳቸው ቤት ተቀምጠዋል። ጮሂት ባለፈች ቁጥር ሴትዮዋ ትደነግጣለች። አንድ ቀን እንስራ እንዳዘለች ወድቃ ደም ታያት። ከዚያ በኋላ ግራዝማች እንቅልፍ አጡ። ካፒቴኑ የተሰበረ ብረት ሊያስቀጠቅጥ እኛ ግቢ የመጣ ዕለት፣ ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ሙክት አስጎትተው ደረሱ። እኔ ወናፉ ሥር ነበርኩ።

«ንገርልኝ» አሉት አስተርጓሚውን። «መኪናዋ እጅግ ትጮሃለች። ላም አስወረዳት፣ ቅዳሴ ታወከ፣ እርጉዝ ሴት ወደቀች። ስለ እመቤታችን ብለው ድምጿን ዝቅ ያድርጉልን በልልኝ።»

አስተርጓሚው ሳቀ። «ግራዝማች፣ መኪና እኮ በቅሎ አይደለች። ቀስ ብለሽ ሂጂ ተብላ አትለመንም።»

«አንተ አስተርጉም እንጂ አትቀልድብኝ! የተቀጠርኸው ለአፍህ ነው፣ ለጥርስህ አይደለም።»

ካፒቴኑ ሲነገረው እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ሙክቱን ሳይሆን መኪናዋን ለብዙ ጊዜ ተመለከተ። ቁልቁል የሚወርደውን መንገድም ተመለከተ። ወደ አባቴ ዞሮ ማርሚታ መሥራት ይችል እንደሆነ ጠየቀው። ያን ጊዜ ምን እንዳሰበ የገባው ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ እጅ ነሱ።

አባቴ ካፒቴኑ በከሰል የሣለለትን እያየ ሠራው። አንዱን ቱቦ በምስማር እየበሳ ወንፊት አስመሰለው፤ በላዩ ላይ ከቤንዚን በርሜል በተቆረጠ ቆርቆሮ ሌላ ሰፊ ቱቦ አለበሰው፤ በሁለቱ መካከል የብረት ፍቅፋቂ ጠቀጠቀበት። መኪናዋ ሥር ተንጋሎ ገብቶ ሲገጥመው እግሩ ብቻ ይታየኝ ነበር። ካፒቴኑ ሞተሩን አስነሳ። ያቺ ጋራ የምታናውጥ መኪና እንደ ድመት አንኮራፋች። እኛ ልጆች ጨዋታችን ሞቶብን አኮረፍን። ትልልቆቹ እልል አሉ።

«አንተ ቀጥቃጭ፣ እጅህ ይባረክ» አሉት ግራዝማች። «ሕፃኑ በሰላም ከተወለደ ክርስትናው ላይ ትመጣለህ። ከነልጅህ።»

አባቴ መሬት መሬት እያየ «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አለ። እነሱ ሲሄዱ ግን ወናፉን ከእጄ ወስዶ ራሱ እየነፋ አንጎራጎረ። አባቴ ሲያንጎራጉር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጥሩነሽ ተባለች። ካፒቴኑ ብልጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ መንደራችን ዝር አላለም። ስለዚህ ጸጥ ያለች ጮሂት ምን እንደምታደርግ አልተማርንም። ጥሩነሽ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ አየነው ከዱር ወረደ። ጎፈሬው ጆሮውን ሸፍኖት፣ ጠረኑ ቅጠል ቅጠል ይል ነበር። ይግዛው ከአባቱ ጉልበት አልነሳ አለ። እኔና አባቴ በተጠራነው መሠረት በር አጠገብ ተቀምጠን ነበር፤ ለአባቴም እንደ ሰው ሁሉ ጠላ በብርጭቆ ተሰጠው። እንደ ልማዱ የመኪና ድምፅ የሚያዳምጥ ሰው አጥሩ ሥር ተቀምጧል። ማዳመጥ እንጂ ማየት አላዘዙትም።

አየነው ልጁን አቅፎ ሊስማት ጎንበስ ሲል የግቢው በር ላይ ቀይ ነገር አየሁ። ውሻ እንኳ አልጮኸም ነበር። ከመኪናዋ ኋላ የተንጠለጠሉት ባንዳዎች ሲዘሉ ነው ሰው ዞሮ ያየው። ያ ቀልደኛ አስተርጓሚ አይስቅም ነበር። «አየነው ተሰማ ማን ነው?» አለ። የአየነው ጠመንጃ ጎተራ ውስጥ ነበር። ልጁን ለአባቱ አቀበላትና ተነሳ።

በገበያ ቀን ሰቀሉት።

ለቅሶው ላይ ግራዝማች ደረታቸውን እየመቱ «የቀጥቃጭ እጅ ልጄን በላብኝ!» አሉ። ሙክት አስጎትተው የሄዱት ሽማግሌዎች እዚያው ነበሩ፤ አንዱም ቀና አላለም። እናቴ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብላ አጉረመረመች፤ አባቴ ግን በዓይኑ ዝም አሰኛት። ቀጥቃጭ በግራዝማች ላይ ቢመሰክር ማን ይሰማዋል? ከዚያ ወዲያ አገሬው ማረሻውን ተሸክሞ እስከ እብናት ይሄድ ጀመር። እኔን የማርሚታ ልጅ አሉኝ። ጣሊያን ወጣ፣ ባንዳ የነበረው ሁሉ ቀስ በቀስ ይቅር ተባለ፤ አባቴ ግን አልተባለም። ትምህርት ቤት ሲከፈት «መቼም የሚያገባት የለም፣ ፊደል ትቁጠር» ብሎ አስገባኝ። መዶሻውን ሳያነሳ ዓመታት ተቀምጦ ሞተ።

ያገባኝ ይግዛው ነው። ያ ከአባቱ ጉልበት አልነሳ ያለው ልጅ። አስተማሪ ሆኖ ሲመለስ እኔም አስተማሪ ነበርኩ። «ሙሉ፣ አባትሽ የታዘዘውን ሠራ፤ ሌላ ምን አደረገ?» አለኝ አንድ ጊዜ። ይህን ለኔ ያለውን ግን ለእናቱ አንድ ቀን ደፍሮ አላላትም። እናቱ ከእጄ ሳትቀምስ ሞተች። ለዚህ ይቅር ብዬው እንደሆን አላውቅም። አሁን የምጣላው ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት የአርባው ተስካር ነበር። ጥሩነሽ መጣች፤ ጥርሷ ረግፏል፣ ዓይኗ ደክሟል። ለወንድሟ አለቀሰች። የቀረበላትን ምግብ ግን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።

«ቅመሺ እንጂ» አልኳት።

«ጠግቤያለሁ።»

«ዕድሜሽን ሙሉ እኔ ቤት ስትመጪ ጠግበሽ ነው።»

እጇን ይዤ ጓዳ አስገባኋት።

«ያንን ማርሚታ ማን እንዳሠራው ታውቂያለሽ?»

«አባትሽ ነዋ።»

«ማን ሠራው አላልኩሽም። ማን አሠራው ነው የምልሽ። አያትሽ ናቸው! ሙክት ይዘው የለመኑት እሳቸው ናቸው። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

«አውቃለሁ» አለች። «እናቴ ሳትሞት ነግራኛለች። መንደሩም ያውቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ አያቴ ለማን ብለው ለመኑ? እኔ ሆድ ውስጥ ሆኜ እንዳልጨነግፍ አይደል? ያሠሩት እሳቸው ናቸው ካልኩ፣ አባቴን ያሰቀልኩት እኔ ነኝ ልበል? አባትሽ ይሻለኛል፣ ሙሉ። ተይኝ፣ አባትሽ ይሻለኛል።»

ልጅ ሳለሁ ሰው የሚጠላን እውነቱን ስለማያውቅ ይመስለኝ ነበር። ፊደል የቆጠርኩትም አንድ ቀን ጽፌ አሳውቃቸዋለሁ ብዬ ነው፤ አንብበው ሲደነግጡ፣ አባቴን ይቅርታ ሊጠይቁ ሲመጡ በሐሳቤ አይ ነበር። ያ ተስፋ ሞኝ ነበር፣ ግን ልጅነቴን አሳልፎልኛል። ዛሬ በዚህ በደከመ እጄ የምጽፈውን የማያውቅ ሰው እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ጥሩነሽ ሳትቀምስ ሄደች። እኔም ከዚያ ወዲያ ብይ አላልኳትም። ከዘራዋን አቀብዬ እስከ በር ሸኘኋት።