ለኮክ የተተወች ክብ

ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ። በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ የወይራ እንጨት ማኅተም ሲያርፍ የሚሰማ ድምፅ ነበር። ነገሩ የሆነው አዲስ አበባ፣ ሾላ ሰፈር፣ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ነው። ግንበኛው አስፍሃ በገዛ ግቢው ተንበርክኮ፣ በእጁ የቀረጸውን የዓሣ ቅርፊት ወለሉ ላይ እያተመ ይሄዳል፤ አዲስ ሙሽራው ትበርህ እንጨቱ እንዳይጣበቅ ከፊት ከፊቱ አመድ ትነሰንሳለች። ሲቀርጽ መሮው አዳልጦት ኖሮ ማኅተሙ ላይ ካሉት ሦስት ቅርፊቶች በአንዱ ላይ ጭረት ቀርታ ነበር። ያቺ ጭረት በግቢው ሁሉ ታተመች።

«አትበሳጭ፣ ፊርማህ ትሁን» አለችው ትበርህ። ቀጥላም ወደ አጥሩ ጠቆመች። «እዚያ ጋ ግን እንዳትሞላው። ኮክ እተክልበታለሁ።»

ሳፋ ደፍቶ ዙሪያውን ሞላ። ሳፋው ሲነሳ ጥቁር አፈር ክብ ሆኖ ቀረ።

ችግኝ ሳይገኝ አንድ ክረምት አለፈ። በሁለተኛው ክረምት የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መጣና ኤርትራውያን የሆኑት ባልና ሚስት ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥተው ከአገር ወጡ። ቤቱ በኋላ በውክልና ተሸጠ፤ ገዢውን እንኳ አላዩትም።

አሁን አስፍሃ ስድሳውን ካለፈ ቆይቷል። የሚኖረው ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ነው፤ አብረውት የሚሠሩት ፉንዲዎች፣ የአገሩ ግንበኞች፣ «ምዜ» ማለትም ሽማግሌው ይሉታል። በየሰዉ ግቢ ድንጋይ የሚመስል፣ ጡብ የሚመስል ኮንክሪት ያፈሳል። የዛሬው ማኅተም ከፋብሪካ የሚመጣ ላስቲክ ነው፤ ሲረግጡት ድምፅ የለውም። ትበርህ ገበያ ላይ ኮክ ባየች ቁጥር፣ «ያቺ ክብ ምን ሆና ይሆን?» ትለዋለች።

ባለፈው የካቲት፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር የሚኖር ወንዳፍራሽ የሚባል ነጋዴ ግቢውን ሊያሠራ ጠራው።

«ጋሼ አስፍሃ፣ ካታሎጉን ይተዉት» አለና ስልኩን አወጣ። «እኔ የምፈልገው ያደግሁበትን ግቢ ነው። ይኸው፣ እናቴ ትናንት ያነሳችልኝ።»

አስፍሃ መነጽሩን አደረገ። የዓሣ ቅርፊት ነው። ምስሉን በሁለት ጣቱ ከፈት አደረገው። በየሦስተኛው ቅርፊት ላይ ጭረት አለች።

«ማን እንደሠራው ታውቃለህ?» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«እኔንጃ። አባቴ ቤቱን ሲገዛው ነበረ። እላዩ ላይ ብይ መጫወት አይቻልም፤ ቅርፊቱ ውስጥ እየገባ ይቀራል። ሠሪውን ስንረግመው ነው ያደግነው» ብሎ ሳቀ። «አሁን ግን ሌላ ወለል አልለምድ አልኩ።»

«ይሄ በርሜልስ?» አለ አስፍሃ፣ ፎቶው ላይ አጥሩ ጥግ የቆመውን እያሳየ።

«ከሥሩ ክብ ጉድጓድ አለች። ለምን እንደተተወች የሚያውቅ የለም፤ ሰው እንዳይደናቀፍባት ብለን ነው በርሜሉን ያስቀመጥንባት። የእኔ ግቢ ላይ ግን እሷን ይድፈኗት።»

«እሺ፣ ልጄ» አለ አስፍሃ። ቤቱ የእኔ ነበር ቢለው፣ ይህ ሰው ከዚያ ወዲያ ያንን ፎቶ በምን ዓይን ያየዋል? የሰውን የልጅነት ትዝታ በጫማ መርገጥ መሰለው።

እራት ላይ ለትበርህ ነገራት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ኮክ በቅሎበታል?»

«በርሜል ተቀምጦበታል።»

«ከበርሜሉ ሥርስ?»

«እኔ በምን አውቄ፣ ትበርህ።»

«እንግዲያው በሥራው ቀን አብሬህ እመጣለሁ።»

ያ ቅርጽ በላስቲክ አይገኝምና አስፍሃ ሳምንት ሙሉ ወይራ ሲቀርጽ ሰነበተ። ጭረቷንም፣ ዛሬ ግን ሆን ብሎ፣ አስገባት። ኮንክሪቱ በፈሰሰበት ቀን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ጠበቀ፤ ከረጠበ ማኅተሙ ይሰምጣል፣ ከደረቀ አይቀበልም። ሰዓቷ ስትደርስ ተንበረከከ። ዱፍ፣ ዱፍ። ትበርህ ማንም ሳይጠይቃት ከዳር ሆና፣ እንጨቱ እንዳይጣበቅ የሚደረገውን ዱቄት ትነሰንስለት ጀመር።

ወንዳፍራሽ ወደ አጥሩ ሲሄድ የተደፋ ሳፋ አየ። «ጋሼ፣ ይቺን ክብ ይድፈኗት አላልኩም?»

አስፍሃ ጉልበቱን ይዞ ተነሳና ማኅተሙን ገልብጦ ሰጠው። «ልደፍናት እጄ እምቢ አለኝ። ፎቶህን አውጣ። ይቺን ጭረት ፈልጋት።»

ወንዳፍራሽ እንጨቱን አየ፣ ስልኩን አየ፣ እንደገና እንጨቱን አየ። «አስቀድመው ለምን አልነገሩኝም?»

«ብይህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ማለት አሳፈረኝ።»

ወንዳፍራሽ ሊስቅ ሞክሮ ተወው። «ክቧስ?»

«ለኮክ ነበረች» አለች ትበርህ። «ሳልተክል ሄድን።»

ሥራው ሲያልቅ ሳሎን ገብተው ሻይ ቀረበ። ወንዳፍራሽ ሻዩን ሳይነካ ለእናቱ በቪዲዮ ደወለ። «እማዬ፣ እስቲ ወደ ግቢው ውጪ። በርሜሏን አስነሺልኝ።»

«ምን ነካህ? ሙሉ ውሃ ናት» አሉ እናቱ።

«ይፍሰስ፣ ግድ የለም።»

ሠራተኛዋ በርሜሉን ስታጋድመው ውሃው በዓሣ ቅርፊቶቹ መካከል ተሯሯጠ። ወንዳፍራሽ ስልኩን ለትበርህ አቀበላት።

ጥቁር አፈር፣ ክብ። ሣር እንኳ አልበቀለበትም፤ ሳፋው አሁን የተነሳ ይመስላል።

«እትዬ ትበርህ» አለ ወንዳፍራሽ ቀስ ብሎ፣ «እናቴ ኮክ ታስተክልበት?»

«ማን ናት የምታየኝ?» አሉ እናቱ ከስልኩ ውስጥ። «ልጄ፣ ማን ናት?»

በዚያች ክብ ላይ ኮኩን መትከል የነበረባት ትበርህ ራሷ ነበረች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠችው። ዱቄት የነካውን እጇን በሻሿ ጠርጋ ተነሳች፤ ለሴትየዋም፣ ለወንዳፍራሽም፣ ለባሏም ደህና ሁኑ ሳትል ወጣች።