ውርጌሳ የወሰደችብን ምሳ

በደርግ ጊዜ መርሳ ላይ፣ በአንዲት መበለት ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበርሁ። እትዬ ነበር የምላቸው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውቶቡስ ለምሳ የሚቆመው እኛ ደጅ ላይ ስለነበር፣ ቤታችን የሚኖረው በዚያ አንድ መኪና ሆድ ነው። አንድ ቀን ሹፌሩ ሳይቆም አለፈ። ቸኩሎ ይሆናል አልን። በማግሥቱም አለፈ። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ሲያዩን አፋቸውን እየጠረጉ ነው። ለካስ ከእኛ በፊት ባለችው ከተማ፣ ውርጌሳ ላይ በልተው ነው የሚመጡት።

እትዬ ሁለት ሳምንት ታገሡ። ከዚያ ድስቱ ለራሳቸውም እንደማይበቃ ነግረው አሰናበቱኝ። እያለቀሱ ስለነበር፣ እሳቸውን ሳባብል የራሴን ልቅሶ ረሳሁት።

ሥራ የፈታ ሰው አፉ አያርፍም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነበርና፣ በደብተሬ ጀርባ ላይ ሹፌሩን በግጥም መስደብ ጀመርሁ። የሰው ማሽላ እየለቀምሁ አንጎራጉራለሁ፦

አውቶቡሱ አለፈ ጡሩምባውን ነፍቶ፣
የመርሳን ሽሮ ወጥ በአቧራ ቀብቶ።

ወንዝ የወረዱ ሴቶች ተቀበሉኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ ገበያው ሁሉ ይለው ጀመር። የቀበሌው የኪነት ቡድን መሪ ሳይቀር መጥቶ፣ ዜማው ደኅና ነው፣ ሽሮውን አውጥተሽ ምርት አግቢበት አለኝ። ምርቱ አልገጥም ቢለኝ ተውሁት።

ብዙም ሳይቆይ ለአንድ ሠርግ በአውራጅነት፣ ዘፈኑን ልመራ ተጠራሁ። ዳሱ ውስጥ ስገባ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ሹፌሩን፣ ከሙሽራው ዘመዶች መካከል፣ ከእትዬ ፊት ለፊት። በእኛ አገር ደንብ አውራጅ በግጥም የጠራችው ሰው ተቀምጦ አይቀርም፤ ወይ ተነሥቶ ይጨፍራል፣ ወይ በግጥም ይመልሳል። እምቢ ካለ የልጅ ልጁ እስኪዳር ይወራበታል። ሹፌር ያኔ ትልቅ ሰው ነው፣ አንቱ ነው የሚባለው፤ በዘፈን ግን አንተ ማለት ነውር የለውም። ሥራዬን የማስመልስበት ሌላ ቀን የለም ብዬ፣

ተነሥ አንተ ሹፌር፣ ተነሥና ንገር፣
ምን አጣህ ከመርሳ፣ ምን ጎደለህ ነገር?

ብዬ ለቀቅሁበት። ሰውየው ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፦

ምንም አልጎደለም፣ በዝቶ ነው የሸሸሁ፣
ሁለቴ ጨው ያለው ሽሮ እየበላሁ።

ከበሮ መቺዋ ከበሮዋ ላይ ተደፋች። ሙሽሪት እንኳ አንገቷን መድፋቷን ትታ ትንፈቀፈቃለች። እውነቱን ነዋ። ግጥም ከመጣብኝ እጄ የሚሠራውን አላውቅም፤ አንድ ጊዜ ጨው ጨምሬ፣ ቤት ሲመታልኝ ደግሞ በደስታ እደግማለሁ።

«እትዬ፣ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«እኔ የራሴ ምላስ ያረጀ መስሎኝ፣ አፍሬ ዝም ብዬ ስበላ ነዋ የኖርሁት» አሉ፣ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ሽማግሌ ሳያስፈልግ እዚያው ዳስ ውስጥ ታረቅን። ሹፌሩ መርሳ ሊቆም፣ እኔም ወደ ሥራዬ ልመለስ፣ ግን ከዚያ ወዲያ ወጥ ቤቱን በእግሬም በእጄም እንዳልነካ። ድስቱን እትዬ ያዙ። እኔ ደጅ ላይ ቆሜ እጅ አስታጥባለሁ፤ ተሳፋሪው ስሙን ከነገረኝ ግጥም እሰጠዋለሁ። ውርጌሳ ይኼ አልነበራትም። አንዲት የወልድያ ሴትዮ የእህቴንም የአማቴንም ስም ካላነሣሽልኝ አልሳፈርም ብላ መኪናውን አስቁማለች።

ሹፌሩ ግን በመጣ ቁጥር፣ ገና አንድ እግሩ መሬት ሳይነካ፣ «ድስቱ ማን ዘንድ ነው?» ይለኝ ነበር። እትዬ ከውስጥ «እኔ ዘንድ ነው» ብለው ካልመለሱለት ሌላውን እግሩን አያወርድም።