ዝም የማይባልበት አዳራሽ ፍለጋ

ማክሰኞ ጠዋት፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሾፌሮች ጠይቄ ከዱርቤቴ ተነሳሁ። ወዴት ነው ላለኝ ሁሉ "ለጉዳይ" እላለሁ። በሰባ ሁለት ዓመቴ ፍኖተ ሰላም ድረስ ፊልም ለማየት እየሄድሁ ነው ብል ማን ያከብረኛል?

ነገሩ የጀመረው ኖርዌይ ነው። ልጄ ዘንድ ስምንት ዓመት ኖሬ ተመልሻለሁ። የዚያ አገር ሲኒማ ቤት ወንበሩ አልጋ ያህላል፤ ተመልካቹ ግን ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያየው። አንድ ቀን ገዳዩ ከበሩ ኋላ ሲደበቅ ባይ "ከኋላህ ነው፣ አንተ!" ብዬ ጮህሁ። አንዲት ሴትዮ በሁለት ጣቷ ትከሻዬን ነካ አድርጋ "ሽሽሽ" አለችኝ። በሁለት ጣት! ልጄም "አባዬ፣ እዚህ እኮ አይወራም" አለች። ታዲያ ለምን ተሰበሰብን? ዝም ማለት ላማረው ቤቱ አለለት አይደል?

እኔ የለመድሁት ሌላ ነው። ድሮ ፍኖተ ሰላም አዳራሽ ፊልም ሲመጣ ጓደኛዬ ሞላ ከመጋረጃው ጎን ቆሞ ይተረጉም ነበር። እንግሊዝኛ አያውቅም። በእሱ አፍ ፈረሰኛው ሁሉ በመሬት ከወንድሙ የተጣላ የቡሬ ልጅ ነው። ሕዝቡም ይመክራል፣ ይፈርዳል፣ ይሳደባል። አሁን የሞላ ዓይን እየጠፋ ነው አሉኝ። ጨርሶ ሳይጠፋ አንዴ አብረን እንይ ብዬ ነው የተነሳሁት።

ቡሬ፣ ምሳ ሰዓት

በእንጅባራ በኩል፣ መንገድ ዳር በተደረደረ የከሰል ጆንያ መሀል አልፈን ቡሬ ደረስን። የአገሩ በርበሬ ያለበት ሽሮ ቀረበልኝ፤ ኖርዌይ ያለዘበው ምላሴ በሁለተኛው ጉርሻ እንባ አስወጣኝ።

"እዚህ ፊልም የት ይታያል?" አልኋት አስተናጋጇን።

"ኳስ ነው እንጂ፣ አባባ። ፊልም ሰው በየስልኩ ነው የሚያየው።"

"ብቻ ለብቻ?"

"ማዳመጫ ሰክቶ።"

ደሜ ፈላ። "ሰውዬው ሲሞት አብሮ የሚያለቅስ የለም ማለት ነው?"

"እርስዎ ጀምረዋል እኮ" ብላ ሳህኑን አነሳች።

ፍኖተ ሰላም፣ ዘጠኝ ሰዓት

ሞላ በዱላው እየመራኝ ወደ አዳራሹ ሄድን። እስከ ጣሪያው ማዳበሪያ ተደርድሮበታል። ጥበቃው ላይ ጮህሁበት። "ይህ እኮ የሕዝብ ሳቅ የነበረበት ቤት ነው! ማን ፈቀደ?"

"አባቴ፣ እኔ ጆንያውን ነው የምጠብቀው" አለ ምስኪኑ።

ሞላ ክንዴን ያዘኝ። "ሲዘጋ የት ነበርህ?"

"ኖርዌይ፣ ለስላሳ ወንበር ላይ።"

"እንግዲያው ድምፅህን ቀንስ።"

ወይዘሮ ይታይሽ የምትባል ባለ ኳስ ቤት ጨዋታ በሌለበት ቀን ፊልም ታሳያለች። መግቢያው ከአንድ ጠርሙስ ውሃ አይበልጥም። አግዳሚው ላይ ተጨናንቀን ተቀመጥን፤ ሃያ የምንሆን ሰዎች ነን። ፊልሙ ተጀመረ፤ ሞላም ጀመረ። "ይህ ባለ ኮፍያው መሬቱን ተነጥቆ ነው የመጣው..." ሰው ሳቀ፣ ጠየቀ። እኔ ግን ባለ ኮፍያው ከአንዲት ሴት ጋር በሹክሹክታ ሲነጋገር ለመስማት ጆሮዬን አቆምሁ። ከዚያ እጄ በራሱ ተነሳና የሞላን ትከሻ በሁለት ጣት ነካ አደረገ።

"ሽሽሽ" አልሁ።

ሞላ አፉን ዘጋ። ቤቱም ዝም አለ። ዱላውን በእጁ እየፈለገ ሊነሳ ሲል ያቺ የኖርዌይ ሴትዮ በእኔ ሥጋ ውስጥ ተቀምጣ አየኋት። ስምንት ዓመት የረገምሁትን ነገር ተሸክሜ የገባሁት እኔው ነኝ!

"አያ ሞላ፣ ይንገሩን እንጂ!" አለች ወይዘሮ ይታይሽ ከበሩ። "ይህን ፈረንጅ ይተዉት።"

ሞላ ግን ተነስቶ ቆመ። መስኮቱ ላይ ጠብመንጃ የያዘ ሰው ብቅ ሲል፣ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ "ከኋላህ ነው፣ አንተ የቡሬ ልጅ!" ብዬ ጮህሁ። አግዳሚው በሳቅ ተናወጠ።

ሞላ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። "አይሰማህም" አለኝ። "ወንድሙ ነው የመጣው። ሊታረቀው።"

ወንድሙ ግን ተኮሰ። "ይህ ያገራቸው ሰላምታ ነው" አለ ሞላ፣ ሳያፍር።

ዱርቤቴ፣ ረቡዕ

ቤት እንደገባሁ ልጄ ደወለች። እነዚያን የማዳበሪያ ጆንያዎች ገና አልማርኋቸውም፤ ሁለቱን ጣቶቼን ደግሞ ዳግም እንዳይነሱ እየጠበቅኋቸው ነው።

"ፊልሙ ስለ ምን ነበር፣ አባዬ?" አለችኝ።

"በመሬት ስለተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች" አልኋት። "መጨረሻ ላይ ቡሬ ላይ ታረቁ።"