ከምግብ ቤቱ ጓሮ የተነሳችው ጀልባ

ጋሼ ፍሪዌይ የሚሉት ፈጣን የመኪና መንገድ ላይ መንዳት አይሆንለትም ነበር። መውጫው፣ ኤግዚት የሚሉት፣ ሲመጣ ያየዋል፣ «ይኸው፣ ይኸው» ይላል፣ ያልፈዋል። አንድ ቀን ቫን ናይስ የሚባል ሰፈር ለቅሶ ልንደርስ ተነስተን መውጫውን አለፈው፤ በሱ ሲቆጭ የሚቀጥለውን አለፈው፤ ተራራውን ተሻግረን፣ ቤት የሚባል የማይታይበት በረሃ ገብተን ተመለስን። ስንደርስ ድንኳኑ ፈርሶ ወንበሩ እየተሰበሰበ ነበር።

ጋሼ የምለው በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ነው። በሰማንያዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ሐበሻ የሚበዛበት ፌርፋክስ ሰፈር አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ሁለታችንም ፓርኪንግ እንሠራለን። አገር ቤት ሳለ ባሕር ኃይል እንደነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሲቆምም ደረቱን ነፍቶ ነው የሚቆመው። ዘወትር እኛ ጋ መኪናውን የሚያቆም አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ይህን ሰምቶ ኖሮ፣ ወደ ልጁ ዘንድ ሊጠቃለል ሲል፣ ጋርዴና በሚባል ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ የተቀመጠች አሮጌ የሸራ ጀልባ እንዳለችውና ለሚያውቅበት ሰው በነጻ መስጠት እንደሚፈልግ ነገረው።

«ሐዋይ እንሄድባታለን» አለኝ ጋሼ ማታ እራት ላይ።

«ለምን ሐዋይ?»

«ቀጥ ብሎ ነዋ። ባሕር ላይ ኤግዚት የሚባል ነገር የለም።»

እኔ ለእንዲህ ያለ ነገር እምቢ ማለት አላውቅበትም። ጀልባዋን ለመጎተት ቫን ናይስ ጋራዥ የሚሠራ የወሎ ልጅ ጓደኛችንን ለመንነው። ፒካፑን ይዞ መጣ፤ አያት፣ ዞራት፣ ጎኗን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ። «ይቺ ነገር ውሃ ካየች ስንት ዘመኗ ነው?» አለ። ከዚያ ጋሼ ፍሪዌይ አልወጣም ስላለ በየመብራቱ እየቆምን፣ በውስጥ መንገድ፣ ሕዝብ እያየን ፌርፋክስ ደረስን።

ማቆሚያ ያገኘነው እትዬ ምግብ ቤት ጓሮ ነው። እትዬ ወገባቸውን በነጠላ አስረው ኩሽናውን የሚመሩ፣ እኛን ሁሉ እንደ ልጅ የሚቆጡ ሴት ነበሩ። «ለሳምንት ብቻ ነው እትዬ» አልናቸው። ጀልባዋ ፋሲካን እዚያው ዋለች፤ ፍልሰታም መጥቶ ሄደ።

ውስጧ የወፍ ጎጆ ነበር። ወለሉ በስብሶ ጋሼ መጀመሪያ የገባ ቀን አንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። የበሰበሰውን እየነቀልን አዲስ ጣውላ አስገባን፤ ስንጥቁን ሞላን፤ ከዚያ ጎኗን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ጀመርን። ጎኗ የተለበጠው ከመስታወት ክር በተሠራ ፋይበርግላስ ኖሮ፣ ብናኙ ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሚያሳክክ ነገር እንደሆነ የነገረን የለም። ሥራ ላይ የደንበኛ ቁልፍ ተቀብዬ ሳክ፣ እቤት ስተኛ ሳክ፣ ጋሼ ከወዲያ አልጋ ሲያክ። እትዬ ቤት ምሳ ስንበላ አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች ሳህናቸውን ይዘው ሌላ ጠረጴዛ ሄዱ። ጋሼ በማግስቱ ብናኙ እንዳይነካው የሻወር መጋረጃችንን ለአንገቱ ቀዶ አጥልቆት መጣ።

ሸራዋ ሻጋታ ይሸት ስለነበር በልብስ ሳሙና አጥበን፣ ጓሮው አስፋልት ላይ ዘርግተን ሥራ ሄድን። ስንመለስ እትዬ የተደለዘ በርበሬ ከዳር እስከ ዳር አስጥተውበታል።

«እትዬ፣ ምነው?» አልኩ።

«ምን ምነው? ንጹሕ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ሳይ ምን ላድርግ? እዚህ አገር እንዲህ ያለ ቦታ የት ይገኛል?»

በርበሬያቸው እስኪደርቅ ጠበቅን። ደም የመሰለ ቀይ ሸራ ይዘን ቀረን። ብናራግፈው፣ በጎማ ውሃ ብናጥበው፣ ስፌቱ ውስጥ የገባው አልወጣም።

ወሎዬው ሞተሩን ፈታቶ ገጠመው። እግረ መንገዱንም ከመሪው ጎን፣ ኮምፓሱ አጠገብ፣ ቴፕና ስፒከር አስገባልን፤ ሐዋይ ድረስ በዝምታ አይኬድም ብሎ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ ላይ ሊሰግድ ተነሳና ኮምፓሱን ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።

«ጋሼ፣ ይኼ ኮምፓስ ዋሽቷል።»

«ኮምፓስ አይዋሽም» አለ ጋሼ።

«እኔ እዚህ ጓሮ ውስጥ ስንት ወር ሰግጃለሁ። ቂብላው በዚያ በልብስ ሰፊው ሱቅ ጥግ ነው። ይኼ ግን ወደ ቆሻሻ ገንዳው ስገድ እያለኝ ነው።»

ቴፑን ዘጋነው፤ መርፌው አልተነቃነቀም። ስፒከሩን ነቅለን ስናርቀው ግን ዞር አለ። መልሰን ስናስጠጋው ተመለሰ። ማግኔቱ ነው ለካ ሰሜንን የሚጎትተው። ጋሼ ስፒከሩን ተሸክሞ ራሱ ወደ ኋላ ወሰደው።

የምንሄድ መሆናችን በተሰማ ጊዜ ሰው ዕቃ ማምጣት ጀመረ። አንዲት ሴት ጅቡቲ ላለ ወንድሟ ጫማ ይዛ መጣች።

«እኛ የምንሄደው ሐዋይ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። ቢሆንም ባሕር አይደል? ከዚያ የሚያደርስ ሰው አይጠፋም።»

ጫማው ተቀመጠ። ኮት መጣ፣ መድኃኒት መጣ፣ ለማን እንደሆነ ያልታወቀ ብርድ ልብስ መጣ። እትዬ ደግሞ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ በጆንያ በጆንያ ጫኑብን። «ባሕር ላይ ምን ይበላል? ዓሣ ብቻ?» ይላሉ። ጀልባዋ በፒካፑ ወደብ ድረስ ተጎትታ ውሃ ላይ በወረደች ዕለት ከጭነቱ ብዛት አዲስ የቀባነው ቀለም ግማሹ ሰጠመ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው ሦስታችንም የተነሳነው። ግማሹ ፌርፋክስ ወደቡ ዳር ተሰልፎ እጁን ያወዛውዛል። ወሎዬው ሞተሩን አስነስቶ ወደ ወደቡ አፍ እንደወጣን ጋሼ «ሸራ!» አለ። እኔ ገመዱን ሳብኩ። ሸራው ወጣ፤ ንፋሱ ሲመታው ፏ ብሎ ተነፋና ከየስፌቱ ቀይ ደመና ለቀቀብን።

መጀመሪያ ያስነጠሰው ወሎዬው ነው። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «ይማርህ» ልንለው ስንል እኛም ጀመርን። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ እያለ፣ ይማርህ ያለው መልሶ እያስነጠሰ፣ መሪውን የያዘ ሰው አልነበረም። በዚህ መሐል ሞተሩ ሁለቴ አሳለና ቀጥ አለ። ዓይናችንን ጠርገን ስናይ ወደቡ ከኋላችን ቀርቷል።

ማዕበሉ ሲጀምር ጋሼ ጠርዙ ላይ ተደፋ። ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለባሕር ሰጠ።

«ጋሼ፣ አንተ ባሕር ኃይል አልነበርክም እንዴ?» አለ ወሎዬው።

«ነበርኩ።»

«መርከብ ላይ?»

«ማርሽ ባንድ። ትራምፔት እነፋ ነበር።» አፉን ጠረገ። «መርከቡ ሲሄድ ዳር ላይ እንነፋለን፤ ከዚያ ምሳ እንሄዳለን።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ?»

እውነቱን ነው፣ ጠይቀነው አናውቅም። ወሎዬው እስኪያለቅስ ሳቀ። እኔ «ኦኬ፣ እንዙር» አልኩ። «እንዴት ነው የሚዞረው?» አሉኝ ሁለቱም። ገመዱን ወዲህ ብስበው ወዲያ ብለቀው ጀልባዋ መዞር እምቢ አለች። ንፋሱ በፈቀደው ሄድን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፊታችን ደሴት ተደቀነ። ከተነሳንበት ወደብ ማዶ ያለችው፣ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ የማትርቀው ካታሊና ነበረች።

ወደቡን የሚጠብቅ ሰውዬ በትንሽ ጀልባ መጥቶ፣ ፊታችን በርበሬ የመሰለውን ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን።

«ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከፌርፋክስ» አለ ጋሼ።

«ወዴት ነው?»

«ሐዋይ።»

ሰውዬው ትንሽ አሰበ። «ኦኬ» አለና የምንታሰርበትን ቦታ አሳየን።

ከሕዝብ ስልክ ለእትዬ ደወልኩላቸው። «ደረስን» ስላቸው «እሰይ!» ብለው ስልኩን ሳይዘጉ ቤቱን ሙሉ ሲያስጨበጭቡ ሰማሁ። ካታሊና መሆኑን ለመናገር ደጋግሜ ሞከርኩ። «እሱን ስትመጣ ትነግረኛለህ፣ ስልኩ ይቆጥርባችኋል» ብለው ዘጉት።

ሞተሩን ያፈነው የድርቆሽ ጆንያ ነበር፤ በነዳጁ ቱቦ ላይ ተኝቶበታል። ወሎዬው ሐዋይ መቅረቱን ሲያይ፣ ሰኞ ሥራዬ ልግባ ብሎ መንገደኛ በሚያመላልሰው ትልቅ ጀልባ ተሳፍሮ ተመለሰ። እኛ ጀልባው አጠገባችን ከታሰረች አንድ ጡረተኛ ጋር ቋንጣ እየበላን ከረምን። ሰውዬው ቋንጣውን ሲወድ ጉድ ነው። በምትኩ ጀልባ እንዴት እንደሚዞር አስተማረን፤ ለካ ንፋሱን ፊት ለፊት መጋፈጥ ሳይሆን ጎን ለጎን እያታለሉ መሄድ ነው። ጋሼ ቶሎ ገባው። ሆዱም ለመደው።

ሐዋይን ትተን ወደ ቤት ስንመለስ መሪውን የያዘው እሱ ነው። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም፤ የወደቡን አፍ ሳያልፈው እያፏጨ አስገባን። እኔ ፊት ቆሜ ገመድ እጠቀልላለሁ። ዳር ላይ የሚጠብቀን ሰው አልነበረም፤ የሥራ ቀን ነበር።