የእድሩን ድንኳን ይዘን ወጨጫ ላይ

ባለፈው ክረምት ወጨጫ ተራራ ጫፍ ላይ ወጥቻለሁ። ይህን ያስቀደምኩት መኩራራት ስለምፈልግ ነው። ታላቅ ወንድሜ "የካዛንቺስ ልጅ የምታውቀው ዳገት ከባምቢስ ወደ ቤት የሚያወጣውን ብቻ ነው" እያለ ያሾፍብኝ ነበር፤ አሁን ግን ማሾፉን ትቷል።

ነገሩ የጀመረው በድንኳን ነው። አባቴ ነሐሴ ላይ እረፍት ወሰደና "ዘንድሮ ወጨጫ ሥር ሱባ ደን ሄደን ድንኳን ውስጥ እናድራለን" አለን። የሠፈራችን እድር ንብረት ያዥ እሱ ስለሆነ፣ ድንኳን ሲባል የሚያውቀው አንድ ድንኳን ብቻ ነው።

"የለቅሶውን?" እናቴ አማተበች። "በደህና ቀን ለቅሶ ልትጠራብን?"

"ሸራ እኮ ሸራ ነው!"

የእድሩ ሽማግሌዎች ፈቀዱ፤ ግን ሠፈር ውስጥ ሰው ካረፈ ድንኳኑ ወዲያው ተነቅሎ ይመለሳል ተባለ። ሌላ ድንኳን የለንማ። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ያሰብነው አንድ ሰው ነው፤ ሠፈሩ ማን እንደታመመ ያውቃል። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ከፋሲካ ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋዜጣ የማነብላቸው፣ ስሳሳት የሚቆጡኝ፣ ስጨርስ ከረሜላ የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው።

ልሰናበታቸው ስገባ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ማለቴ፣ እንዳይሞቱ የምፈልገው ለእሳቸው ብዬ ይሁን ለጉዞዬ ብዬ ለራሴም አልለየልኝም። እሳቸው ግን ወሬውን ቀድመው ሰምተዋል።

"ድንኳኔን ይዛችሁ ልትጠፉ ነው አሉ።"

"ጋሼ፣ ኧረ እንደሱ አይበሉ!"

"ይልቅ ንገሪኝ፤ ጫፉ ላይ ልትወጪ ነው ወይስ ከሥሩ ፎቶ ተነስተሽ ልትመጪ?"

"ጫፉ ላይ!"

"እንግዲያው ጫፉ ላይ እስክትወጪ የትም አልሄድም። ብቻ አታዝግሚ።"

በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ተራራው የግሌ ጉዳይ ሆነ።

የአጎቴን ፒክአፕ ተውሰን ሸራውንና ብረቶቹን ከኋላ ጫንን። የእድራችን ስም በትልቅ ጥቁር ቀለም የተጻፈበት በኩል ወደ ውጭ መዞሩን ያየ አልነበረም። ጦር ኃይሎች ጋ አንድ የታክሲ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ነፍስ ይማር!" አለን። ወንድሜ ፊቱን አጨፍግጎ "አሜን" ሲል እናቴ በክርኗ ጎሸመችው። ሰበታን አልፈን፣ ጭቃው ውስጥ እየተንሸራተትን ደኑ በር ስንደርስ ደግሞ ጥበቃው ኮፍያውን አወለቀ።

"እግዜር ያጥናችሁ። ሟች ምናችሁ ናቸው?"

"ኧረ እኛ ለሽርሽር ነው የመጣነው!" አለ አባቴ።

ጥበቃው ሸራውን አየ፣ እኛን አየ፣ ሰማዩን አየ። "በዚህ ዝናብ?"

ድንኳኑ ሲተከል ከስፋቱ የተነሳ አራታችን አንድ ጥግ ላይ ጠፋን። ዝግባው ላይ ጥቁርና ነጭ የለበሱ ጉሬዛዎች ተደርድረው ቁልቁል ያዩናል። "ለቀስተኞቹ መጡ" አለ ወንድሜ። እናቴ እንኳን ሳቀች። ሳቋ ያለቀው የአባቴን ሞባይል ስታየው ነው፤ ቤታችን ያለው ሞባይል እሱ ብቻ ነው።

"ኔትወርክ የለውም እኮ! ጋሼ አንድ ነገር ቢሆኑ በምን ይነግሩናል? እሳቸው ያለ ድንኳን፣ እኛ እዚህ ሽርሽር? በምን ዓይናችን ሠፈር እንገባለን? ጠዋት እንመለሳለን።"

ጫፉ ሊቀርብኝ ነው። ያዳነኝ ድንኳኑን ሊያይ የመጣው ጥበቃ ነው። "ኔትወርክ ከፈለጉ ጫፉ ላይ ይሠራል" አላት።

እናቴ ከድንኳን አልወጣም ብላ የመጣች ሴት ናት። ጠዋት ግን ስልኩን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችና በኮንጎ ጫማዋ ፊት ፊት መሄድ ጀመረች። ፍልሰታ ስለነበር እህል አልቀመሰችም፤ ቁርሳችንን የበላነው እኛ ግን ከኋላዋ እናለከልካለን። ባረፍን ቁጥር ቋጠሮውን ትፈታለች።

"መጣ?" ይላታል አባቴ።

"አልመጣም። ተነሱ!"

ዛፎቹ አለቁ፣ የአስታው ቁጥቋጦ ተጀመረ፣ ከዚያ ጅብራ ብቻ ሆነ። ዝናቡ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል። አንድ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብዬ "እናንተ ሂዱ" ልል ከአፌ ሊወጣ ሲል "አታዝግሚ" የሚለው ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ መጣ። ተነሳሁ። ወንድሜን አለፍኩት። እናቴ ላይ ደረስኩ። ጫፉን የረገጥነው ጎን ለጎን ነው።

ዙሪያው ጉም ነው፤ ምንም አይታይም። ወዲያው ነጠላዋ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

አባቴ ደርሶ ቁጥሩን አየ። "የጋሼ ቤት ነው።" እናቴ አፏን ያዘች። ማንም አያነሳም። አነሳሁት።

"አቤት..."

መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው። ያን ሳል በግድግዳ በኩል ስንት ቀን ሰምቼዋለሁ!

"ወጣሽ?"

"ወጣሁ! ጋሼ፣ ወጣሁ!"

"ምን ያስጮህሻል፣ ደንቆሮ አይደለሁም። ከጠዋት ጀምሮ ስደውል አንዲት ሴትዮ አይገኙም አይገኙም ትለኛለች። ከዚያ ላይ ቤቴ ይታያል?"

ነፋሱ ጉሙን እንደ መጋረጃ ገለጠው። አዲስ አበባ ከሥራችን ተዘርግታለች። ወንድሜ "ካዛንቺስ ያቺ ናት" አለ፣ አባቴ "የለም፣ ያቺኛዋ" አለ።

"ይታያል!" አልኳቸው።

"እንግዲያው እጅሽን አውለብልቢ። በረንዳ ላይ ነኝ።"

በረንዳ! ከፋሲካ ወዲህ ከአልጋ ያልወረዱት ሰውዬ! ለሁሉም ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ወደ ከተማው እያውለበለበች እልልታዋን አቀለጠችው።

"ጋሼ፣ ይሰማዎታል?"

"ይሰማኛል። ድንኳኑን ቀስ ብላችሁ አምጡት፤ እኔ አልቸኩልም።"