የሻሼ መሸኛ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት የግቢዬን በር ስከፍት... ከአራት ቀን በፊት በገዛ እጄ ጥርባ መንደር ድረስ ወስጄ ያስረከብኳት ድመት የጎረቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። እግሮቿ ጭቃ በጭቃ ሆነዋል። ፊቷን ወደ ተቆለፈው በር አዙራ ትጠብቃለች።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ ልጃቸው ለሕክምና ባሕር ዳር ልትወስዳቸው መጣች። እሳቸው ግን «ሻሼ ቤት ካላገኘች ንቅንቅ አልልም» አሉ። ሻሼ ድመታቸው ናት። አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ጥርሷ አልቋል፣ አንድ ጆሮዋ ተቀድዷል። ልጅቷ በተከራየችበት ቤት ድመት አይፈቀድም። እኔም እንዳልወስዳት ባለቤቴ ድመት ካለበት ክፍል ከገባች መተንፈስ ያቅታታል።

«አንተ አስተማሪ ነህ... ለስንቱ ልጅ ቦታ ስታገኝ ኖረህ ለእሷ አታጣም» ብለው አደራውን ጣሉብኝ።

እኔ ሥራ ስጀምር ወረቀት ይዤ ነው። የምትበላውን፣ የምትጠላውን፣ ሕመሟን፣ እርጅናዋን ሳልደብቅ በተራ ቁጥር ጻፍኩ። ዘጠኝ ነጥብ ወጣው። ከዚያ እንጅባራን ቤት ለቤት ዞርኩ። ሁሉም «ግልገል ብትሆን ኖሮ...» እያለ ይሸኘኛል።

በመጨረሻ ወፍጮ ቤት ገባሁ።

«አይጥ ትይዛለች?» አለኝ ባለወፍጮው።

«አትይዝም። ጥርስ የላትም።»

«ታዲያ መምህር፣ እኔ ዘንድ ጡረታዋን ሊያስከብሩላት ነው?»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ... ጡረተኛ በመሆኔ ትንሽ ቢነካኝም።

ያልሳቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ገብስ ሊያስፈጩ ከጥርባ በፈረስ የመጡ ሽማግሌ፣ አያ ፈንቴ።

«አይጡን እኔ አባርራለሁ» አሉ። «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚያዛጋ የለም። ለእኔ ይስጡኝ።»

ወረቀቴን አውጥቼ አነብላቸው ጀመር። ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«የት ነው የምትተኛው?»

«የትም ትተኛለች» አልኩና ወደ ተራ ቁጥር አራት አለፍኩ።

በእኛ አገር ድመት ቤት ስትቀይር ማዳበሪያ ውስጥ ተከትታ፣ ሦስት ጊዜ ተሽከርክራ ነው የምትወሰደው። የመጣችበት መንገድ እንዲጠፋት። ወፍጮ ቤት ያሉት ሁሉ ይህን እንዳልረሳ አስጠነቀቁኝ። እኔ ግን ሳይንስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሮጊት ድመት አላንገላታም ብዬ በቅርጫት፣ በባጃጅ፣ ግራ ቀኙን እያየች ወሰድኳት። ለእትዬ ብርቄም «ሻሼ ቤት ገብታለች» አልኳቸው። በማግስቱ እፎይ ብለው ባሕር ዳር ሄዱ።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት... ይቺው፣ በራቸው ላይ።

ወተት አቀረብኩላት፤ አልቀመሰችም። ላነሳት ስል ከበሩ ጋር ተጣበቀች። ረፋድ ላይ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። አያ ፈንቴ ናቸው። ኮርቻው ላይ ባዶ ማዳበሪያ ጣል አድርገዋል።

«አላዞሯትም አይደል?» አሉኝ ገና ከፈረሱ ሳይወርዱ።

«አላዞርኳትም።»

«ጠርጥሬ ነበር። አስተማሪ መንገድ ማሳየት ይወዳል።»

ማዳበሪያውን ይዘው ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ ባዶ እጃቸውን መጥተው ደጃፉ ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጡ። በአውኝኛ የሆነ ነገር አሏት... እትዬ ብርቄ በሚያናግሯት ቋንቋ። ጆሮዋን ወደሳቸው አዞረች፤ ግን አልተነሳችም።

«አልፈርድባትም» አሉ። «እኔንም ልጆቼ አዲስ ቅዳም ከተማ ወስደውኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን ተመለስኩ። በማዳበሪያ ቢወስዱኝም እመለስ ነበር።»

ለእትዬ ብርቄ መደወል ነበረብኝ። ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። 

«በቃ፣ ነገ እመጣለሁ» አሉ።

«እትዬ፣ የዓይንዎ ቀጠሮ ሰኞ ነው እኮ።»

«ዓይኔ ቢቀርስ... እሷ ሜዳ ላይ ስታድር ነው የማየው?» ቀጥለው «ለመሆኑ አጎዛዋን ሰጥተሃት ነበር?» አሉ።

«የቱን አጎዛ?»

«ከአልጋዬ እግር ሥር ያለውን ነዋ። ከግልገልነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር ላይ ተኝታ አታውቅም።»

አያ ፈንቴ ቀና ብለው አዩኝ። ወፍጮ ቤት «የት ነው የምትተኛው?» ያሉኝ ትዝ አለኝ። ዘጠኝ ነጥብ ጽፌ... አሥረኛው አልነበረም።

ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር። በሩን ስከፍት ሻሼ በእግሮቼ መሃል አልፋ ገባች። አልጋው ሥር አንድ ጠጉሩ ያለቀ የበግ አጎዛ አለ። ላዩ ላይ ወጣች። አንድ ጊዜ... ሁለት ጊዜ... ሦስት ጊዜ በራሷ ዞረችና ጥቅልል ብላ ተኛች።

«ይኸው» አሉ አያ ፈንቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዞረችልዎ።»

እንቅልፍ እስኪወስዳት ጠበቅናት። ከዚያ አያ ፈንቴ አጎዛውን ከነእሷ ቀስ ብለው ጠቀለሉት፣ እንደ ሕፃን አቀፉትና እኔ እርካቡን ይዤላቸው ፈረሳቸው ላይ ወጡ። ሻሼ አንድ ጊዜ ራሷን ብቅ አድርጋ አየችኝና መልሳ ገባች። ማዳበሪያውን እኔ ዘንድ ትተውት ሄዱ።

እትዬ ብርቄ ሰኞ ከቀጠሯቸው አልቀሩም። አያ ፈንቴ ደግሞ ትናንት ደወሉልኝ።

«እንዴት ናት?» አልኳቸው።

«እሷ ስታዛጋ እኔም ላይ እየተጋባብኝ ሥራ ፈታሁ» አሉኝ።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ተዛውሮ የመጣ ተማሪን «መሸኛህ የታለ?» ስል የኖርኩ ሰው... ድመቷን ያለ መሸኛ ልኬያት ነበር።